የማይሸጠው መሬት ስንት ያወጣል?

(የመክፈቻ ሙዚቃ፤ ከፍ ብሎ ይሰማና ከንግግሩ ሥር ቀስ እያለ ይጠፋል)

ዛሬ የምናነሣው የእርሻ መሬት ዋጋን ነው። «መሬት አይሸጥ አይለወጥ፣ ደግሞ የምን ዋጋ?» የሚለን አድማጭ አይጠፋም። እውነቱን ነው፤ መሬት አይሸጥም። ግን እስቲ አንድ ጥያቄ እንጠይቅ። ይህ የማይሸጥ ነገር በጌዴኦ ዞን፣ ኢዲዶ በምትባል ቀበሌ አንድ ዋጋ፣ ቡሌ ደጋ ላይ ሌላ ዋጋ፣ ዲላ ከተማ ዳርቻ ደግሞ ከሁለቱም የማይገናኝ ዋጋ የሚጠራበት ምሥጢሩ ምንድን ነው?

ከሕጉ እንነሣ፤ ሕጉን ሳይዙ ስለ መሬት ዋጋ ማውራት መዘዙ ብዙ ነውና። በ1967 ዓ.ም. የካቲት 25 ቀን የታወጀው አዋጅ የገጠርን መሬት የሕዝብ ሲያደርግ መሸጥን ብቻ አልነበረም የከለከለው። ማከራየትንም፣ በወለድ አግድ ማስያዝንም ከልክሏል። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 40 መሬት የብሔሮች፣ የብሔረሰቦችና የሕዝቦች የጋራ ንብረት ስለሆነ እንደማይሸጥና እንደማይለወጥ ደነገገ። ብዙ ሰው ይህን ያውቃል። እዚያው አንቀጽ ውስጥ ዝቅ ብሎ ያለውን ግን ብዙ ሰው ልብ አይለውም። ሰው በጉልበቱ ወይም በገንዘቡ መሬቱ ላይ ያቆመው ቋሚ ንብረትና ያደረገው ማሻሻል የራሱ ነው፤ ይሸጠዋል፣ ይለውጠዋል፣ ለልጁ ያወርሰዋል ይላል። በ1997 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራሉ የገጠር መሬት አዋጅ ደግሞ በ1967 ተከልክሎ የነበረውን ኪራይ በልኩ ፈቀደ። የቀድሞው ደቡብ ክልል በ1999 ዓ.ም. አዋጁ ለዚያ ኪራይ የጊዜ ገደብ አበጀለት። ገበሬ ለገበሬ ሲያከራይ እስከ 5 ዓመት፣ ለባለሀብት ሲሆን እስከ 10 ዓመት፣ ባለሀብቱ እንደ ቡና ያለ ቋሚ ተክል የሚያለማ ሲሆን ደግሞ እስከ 25 ዓመት።

እንግዲህ ይህችን ነገር እንያዝ፤ ደጋግመን እንመለስባታለን። አፈሩ አይሸጥም። አፈሩ ላይ የፈሰሰው ልፋት ግን ዋጋ አለው፤ የምንጠቀምበት ጊዜም ዋጋ አለው። በየሰፈሩ «መሬቱን በዚህን ያህል ወሰደው» ሲባል የምንሰማው ነገር፣ ሕጋዊ ሲሆን፣ ከሁለቱ የአንዱ ዋጋ ነው።

(አጭር ሙዚቃ)

በዚህ ዓይን ጌዴኦን እንየው። በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ በዞኑ 850 ሺህ ያህል ሰው ይኖር ነበር። መሬቱ ግን ከ1,200 ካሬ ኪሎ ሜትር እምብዛም አይበልጥም። በአንድ ካሬ ኪሎ ሜትር 700 ሰው ገደማ ማለት ነው፤ የዚያን ጊዜውን የአገሪቱን አማካይ 10 እጥፍ ያህል። ይህ ሁሉ ሕዝብ በዚያች መሬት ላይ ለዘመናት የኖረው መሬቱን በደርብ በደርቡ ስለተጠቀመበት ነው። ከላይ እንደ ዋንዛና ብርብራ ያሉ ትልልቅ ዛፎች፣ ከሥራቸው እንሰቱና ቡናው፣ ከእነርሱም ሥር ጎመኑና ቦዬው። የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆኖ የተመዘገበውም በዚሁ ነው። ታዲያ እንዲህ ያለ ጓሮ «ባዶ መሬት» ሊባል ይችላል? አይችልም። ቡናው ተተክሎ ፍሬ እስኪሰጥ ሦስት አራት ዓመት ይፈልጋል፤ እንሰቱ ለመፋቅ ከዚያም በላይ ይቆያል፤ ዛፉ ደግሞ የአያት ተክል ነው። ስለዚህ ጌዴኦ ውስጥ ስለ መሬት ዋጋ ስንነጋገር የምንነጋገረው በአመዛኙ መሬቱ ላይ ስለቆመው የትውልድ ሥራ ነው።

ወደ ኢዲዶ እንዝለቅ። በይርጋ ጨፌ ወረዳ ያለችው ኢዲዶ በቡናዋ ስሟ ባሕር የተሻገረ ቀበሌ ናት። ለቡና የሚመች ከፍታ፣ የቡና እጠባ ጣቢያ በቅርብ፣ ወደ ይርጋ ጨፌና ወደ ዲላ የሚያወጣ መንገድ አላት። ከጥቅምት ጀምሮ እሸት ቡና ሲቀላ የሚገዛው ሰው እደጅ ድረስ ይመጣል። እዚህ አንድ ጓሮ ቡና በኮንትራት ሲወሰድ ተቀባዩ አፈር አይለካም፤ እግር ይቆጥራል። ስንት እግር ቡና አለ? ስንቱ ጎልማሳ ነው? ስንቱ አርጅቶ ጉንደላ፣ ማለትም ከግንዱ ዝቅ ተደርጎ መቆረጥ፣ ይፈልጋል? ጥላው ደህና ነው? ከጣቢያው የስንት ደቂቃ መንገድ ነው? ዋጋው የሚወጣው ከእነዚህ ነው።

አሁን ወደ ቡሌ ደጋ እንውጣ። ብርዱ ለቡና አይመችም፤ እንሰት፣ ገብስና አትክልት ይበዛሉ። መሬቱ ከኢዲዶ ያነሰ አይደለም፤ አፈሩም ሊበልጥ ይችላል። ነገር ግን እንሰት በአብዛኛው የቤት ምግብ ነው። እንደ ቡናው ኒውዮርክ ላይ ዋጋ አይወጣለትም፤ ከአዲስ አበባም ብዙ ገዢ አይላክለትም። ቤተሰብን ከረኃብ የሚያድን መሬት ገበያ ላይ ሲወጣ ርካሽ ነው። ይህ ቅር የሚያሰኝ ነገር ነው፤ ግን እውነት ነው። ገበያ የሚከፍለው ለሚነግድበት እንጂ ለሚያጠግበው ስላልሆነ፣ ዝቅተኛ ዋጋ ያለው መሬት ሁሉ ዝቅተኛ መሬት ነው ብለን አንሳሳት።

ዲላ ዳርቻ ስንደርስ ደግሞ ጨዋታው ይለወጣል። እዚያ ቡናውንም እንሰቱንም የሚቆጥር የለም፤ ካሬ ሜትር ነው የሚለካው። ከተማው ወደ እርሻው ሲገሰግስ ገበሬው «ነገ በካሳ ከሚወሰድብኝ ዛሬ ልሽጠው» ይላል፤ ገዢውም ሌሊት ግድግዳ ያቆማል። የጨረቃ ቤት የምንለው ነው። እዚህ የሚከፈለው የእርሻ ዋጋ አይደለም፤ ወደፊት ካርታ ይወጣል የሚል ቁማር ነው። ቁማሩ ከከሸፈ ገዢው ገንዘቡን፣ ሻጩም ይዞታውን ሊያጣ ይችላል። ይህ ዓይነቱ ሽያጭ ከሕጉ ውጭ በመሆኑ በዛሬው ውይይታችን አንዘልቅበትም። አንድ ነገር ብቻ እንበል፤ ከከተማ አፋፍ የምንሰማውን የካሬ ዋጋ ይዘን የኢዲዶን ወይም የቡሌን እርሻ መገመት ትልቅ ስሕተት ነው።

(ፋታ)

ልዩነቱ ጌዴኦ ብቻ ያለ ይመስላችኋል? አይደለም። ጣና ዳር ፎገራን ውሰዱ። ክረምት ውኃ የሚተኛበት ያ ሜዳ ሩዝ ከገባበት ወዲህ ተፈላጊ እርሻ ሆነ፤ በበጋም ሽንኩርትና ቲማቲም ያበቅላል። መቂና ባቱ አካባቢ በመስኖ የሚለማ መሬት አትክልት አምራቾች ይሻሙበታል፤ የአዲስ አበባ መንገድ ደጁ ላይ ነውና። አንድ ሰው ከጋምቤላ ውል ቢያነሣ ደግሞ ዋጋው ወደ ታች ሲያሽቆለቁል ያያል። ካሩቱሪ የተባለው የህንድ ኩባንያ ከመንግሥት ጋር በተዋዋለው መሠረት ለአንድ ሄክታር በዓመት 20 ብር ነበር የሚከፍለው፤ ውሉ የ50 ዓመት ነበር፤ በ2008 ዓ.ም. ተሰረዘ። 20 ብር! ለም አፈር አልጠፋም ነበር፤ መንገዱ፣ ገበያውና የሚሠራበት ሰው ነው የራቀው። የአካባቢው ሰው በድርድሩ ላይ ድምፁ ምን ያህል ተሰምቶ እንደነበርም መጠየቅ ይገባል።

አውሮፓም ቢሆን እንዲሁ ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 ኔዘርላንድ ውስጥ አንድ ሄክታር የእርሻ መሬት በአማካይ ከ80 ሺህ ዩሮ በላይ ሲያወጣ፣ ክሮኤሺያ ውስጥ 5 ሺህ እንኳ አይሞላም ነበር። ሁለቱም በአንድ የአውሮፓ ኅብረት ውስጥ ናቸው። ስለዚህ የዋጋ መለያየት በራሱ በሽታ አይደለም። ግን ከእኛ ጋር የማይመሳሰል አንድ ነገር አለ። እዚያ ዋጋው በየዓመቱ በይፋ ይወጣል። ገበሬው አጎራባች ክፍለ ሀገር ስንት እንደሚያወጣ ያውቃል። እኛ ዘንድ ዋጋው በሹክሹክታ ነው የሚኖረው።

የዛሬው ክርክራችን እዚህ ላይ ነው፤ እባካችሁ አተኩራችሁ ስሙን። ከኢዲዶ እስከ ቡሌ ያለው የዋጋ ልዩነት ከአየሩ፣ ከተክሉና ከመንገዱ የመጣ ስለሆነ የሚገባ ልዩነት ነው። የማይገባው ልዩነት በአንድ ቀበሌ ውስጥ፣ አንዳንዴም በአንድ አጥር ግራና ቀኝ ያለው ነው። ተመሳሳይ ቡና፣ ተመሳሳይ እግር፣ ግን አንዱ በነሐሴ በችግር ያስያዘው፣ ሌላው በታኅሣሥ ተረጋግቶ ያከራየው። አንዱ በሁለት ምስክርና በቃል፣ ሌላው በመሬት ይዞታ ደብተርና በምዝገባ። ይህን ልዩነት ተፈጥሮ አላመጣውም፤ ዝምታ ነው ያመጣው። ዝምታው ደግሞ ሁልጊዜ የሚጠቅመው ገንዘብ ይዞ የሚመጣውን ነው።

(አጭር ሙዚቃ)

ለምን ነሐሴን አነሣን? የቡና አገር የገንዘብ ዓመት ሚዛኑ የተዛባ ስለሆነ ነው። ብሩ የሚገባው ከጥቅምት እስከ ጥር ነው። ወጪው ግን ቡና መቅላቱን አይጠብቅም። ሕመም ቀጠሮ የለውም፤ ለቅሶም የለውም። ትምህርት ቤት የሚከፈተው በመስከረም ነው፤ ደብተርና የደንብ ልብስ የሚገዛው እጅ ባዶ በሆነበት ወቅት ነው። በዚያን ጊዜ ጓሮውን በኮንትራት የሚሰጥ አባወራ የሚደራደረው ከሰው ጋር ብቻ አይደለም፤ ከቀን ጋርም ነው። ተቀባዩ ሊጠብቅ ይችላል፤ እርሱ አይችልም። ዋጋውን የሚወስነውም ይኸው መጠበቅ መቻል ነው።

እስቲ ለምሳሌ ያህል ብቻ አንድ ስሌት እንሥራ፤ ወረቀት አያስፈልግም። 200 እግር ጎልማሳ ቡና ያለው አባወራ አለ እንበል። አንዱ እግር በአማካይ 3 ኪሎ እሸት ቢሰጥ በዓመት 600 ኪሎ ይሆናል። ኪሎው በ50 ብር ቢሸጥ 30 ሺህ ብር ነው። ግማሹ ለለቀማ፣ ለኩትኳቶና ለሌላውም ድካም ይውጣ፤ 15 ሺህ ይተርፋል። በአምስት ዓመት 75 ሺህ። አሁን ይህ አባወራ የልጁ ሕመም አስጨንቆት ጓሮውን ለአምስት ዓመት በ30 ሺህ ብር፣ በአንድ ጊዜ ተቀብሎ ሰጠ እንበል። ምን ሸጠ? አፈሩን አልሸጠም። አምስት ዓመት ሸጠ፤ ያውም ከግማሽ ዋጋ በታች።

«ቆይ እንጂ፣» ይላል ገንዘቡን የከፈለው ወገን፣ «እኔስ? ቡና አንድ ዓመት ሲሸከም በሌላው ዓመት ይቀንሳል። በሽታ አለ፤ ውርጭ አለ። የዓለም ዋጋ ቢወድቅ ማን ይደርስልኛል?» ይህ መልስ የሚገባው ተቃውሞ ነው፤ ተንኮል ነው ብለን አንለፈው። በእርግጥም በ1963 ዓ.ም. አገራችን የገባው የቡና ፍሬ በሽታ ሙሉ ማሳ ያጠቁራል። በ1993 እና በ1994 ዓ.ም. የዓለም የቡና ዋጋ በአንድ ፓውንድ ከ50 የአሜሪካ ሳንቲም በታች ወርዶ ብዙ የቡና ቤተሰብ ተጎድቷል፤ ቀድሞ የከፈለ ኮንትራት ያዥም አብሮ ተጎድቷል። ስለዚህ ቅድሚያ የሚከፍል ሰው ለሥጋቱ ቅናሽ መጠየቁ ያስኬዳል።

ግን ሥጋቱ በሁለቱም በኩል እንዳለ እንይ። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ተደረገ፤ አንድ ዶላር 57 ብር ገደማ የነበረው በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። በየካቲት 2017 ዓ.ም. ደግሞ የአረቢካ ቡና በኒውዮርክ ገበያ በፓውንድ ከ4 ዶላር በላይ ሆነ። አሁን አስቡት፤ ከዚያ ቀደም ብሎ፣ በ2014 ወይም በ2015 ዓ.ም.፣ ጓሮውን ለአምስት ዓመት ቁርጥ ባለ ዋጋ የሰጠ ሰው ከዚህ ጭማሪ ምን ደረሰው? ምንም። ዛፉ የእርሱ ነው፣ ደብተሩ በእርሱ ስም ነው፣ ጭማሪው ግን የሌላ ሰው ነው። መውደቅን ፈርቶ ቅናሽ የጠየቀ ሰው መነሣትንም ለብቻው መውሰድ አይገባውም። ፍትሐዊው መንገድ በየዓመቱ መክፈል ወይም ደግሞ ግማሹን ቀድሞ ከፍሎ ግማሹን በዓመቱ የእሸት ዋጋ ማስላት ነው። የእሸት ዋጋ ምሥጢር አይደለም፤ በየእጠባ ጣቢያው ደጅ ይነገራል። በ1994 ዓ.ም. የተቋቋመው የይርጋ ጨፌ ቡና ገበሬዎች ኅብረት ሥራ ዩኒየን አባል ማኅበራትም ለአባሎቻቸው የሚከፍሉት ዋጋ ይታወቃል። መለኪያው በእጃችን ነው፤ የጎደለው በውሉ ላይ መጻፉ ነው።

ሌላም ጉዳት አለ፤ ከገንዘቡ ይልቅ ቀስ ብሎ የሚታይ። አምስት ዓመት ብቻ የሚያዝበት ሰው ያረጀውን ቡና ለምን ይጎነድላል? ጉንደላ ለሁለት ዓመት ፍሬ ያሳጣል፤ ትርፉ የሚመጣው እርሱ ከወጣ በኋላ ነው። ኮምፖስቱን ለምን ያመላልሳል? የጥላውን ዛፍ ከመቁረጥስ ማን ይከለክለዋል? ስለዚህ ውሉ ሲያልቅ ባለይዞታው የሚረከበው የሰጠውን ጓሮ ሳይሆን የደከመ ጓሮ ሊሆን ይችላል። ይህንን በዋጋው ውስጥ የሚያስበው ስንቱ ነው?

(ፋታ)

«ታዲያ ለምን መሬት በይፋ አይሸጥም? ገበሬው ዋጋውን ያገኝ ነበር» የሚሉ ምሁራን በአገራችን አሉ። ክርክራቸው ቀላል አይደለም። በይፋ የሚሸጥ ነገር ዋጋው ይታወቃል፤ ባንክም ያበድርበታል። ኔዘርላንድንም ያነሣሉ። ነገር ግን የጌዴኦ ታሪክ በዚህ ላይ የሚለው አለው። በንጉሡ ዘመን መሬት ቃላድ በሚባል የመለኪያ ገመድ ተለክቶ ለባለመሬት ሲሰጥ የቡናው ተካይ ገባር ሆኖ ቀረ። ባለመሬቶች ከቡናው የሚወስዱት ድርሻ ያንገፈገፈው ሕዝብ በ1952 ዓ.ም. ሚጭሌ በተባለ ቦታ ጦርና ዱላ ይዞ ተነሣ፤ በመሣሪያ ብዛት ተመታ። ያ ሕዝብ የተነሣው ዋጋ ስላልታወቀ አልነበረም፤ የተከለው ሰው መሬቱን ስላጣ ነበር። በነሐሴ ሕመም የሚያዝበት፣ 200 እግር ቡና ያለው አባወራ መሸጥ ቢፈቀድለት አምስት ዓመት ሳይሆን ዘላለሙን በአንድ ነሐሴ ይሰጣል ብለን ብንፈራ ፍርሃታችን ከንቱ አይደለም። በ1999 ዓ.ም. እንኳ በካሬ ኪሎ ሜትር 700 ሰው በነበረበት አገር መሬቱን የሸጠ ገበሬ የት ይሄዳል? ኪራይ ግን ይመለሳል። ዕዳው ቢከብድም ቀኑ ሲደርስ ደብተሩ እዚያው ነው። ስለዚህ የዚህ ዝግጅት አቋም ይህ ነው፤ ሽያጩ እንደተዘጋ ይቆይ፣ የኪራዩ ዋጋ ግን ይገለጥ።

በተቃራኒውም የሚቆጡ አሉ። «ዋጋው በቀበሌ ቢለጠፍ ሕገ ወጥ ሽያጭን ማበረታታት ነው፤ ሰው ሁሉ መሬቱን ዕቃ አድርጎ ያያል» ይላሉ። እዚህ ላይ ግን አንስማማም። ሽያጩ በመደበቁ አልቀረም፤ ተደብቆ ነው እየተሠራ ያለው። ሽያጩ በኮንትራት ስም፣ ኮንትራቱ በብድር ስም፣ ብድሩ በዝምድና ስም ይሄዳል። ሕጋዊው ኪራይ በአደባባይ ዋጋ ሲኖረው፣ «99 ዓመት ኮንትራት» የሚል ወረቀት ይዞ የሚመጣውን ለመለየት ይቀላል። ብርሃን የሚፈራው ሕጋዊው ሰው አይደለም።

ብርሃኑ ደግሞ በሕጉ ውስጥ አስቀድሞ አለ። የ1997ቱ አዋጅ ኪራይ በመሬቱ የመጠቀም መብት ያላቸው ሁሉ ተስማምተውበት፣ በሚመለከተው አካል ጸድቆና ተመዝግቦ እንዲሆን አዝዞ ነበር። «ሁሉ» የምትለው ቃል ሚስትንም ትጨምራለች። ይህን ስንል ቅር የሚለው አባወራ ይኖር ይሆናል፤ ግን እንሰቱን የምትፍቀው፣ ቤቱን ከዓመት ዓመት የምታሻግረው ማን ናት? በደብተሩ ላይ ስሟና ፎቶዋ የተለጠፈውስ ለምን ሆነና? ባል ከገበያ ሲመለስ ጓሮውን ሰጥቶ ቢመጣ፣ እርሷ ሳትፈርም የተሰጠ ነገር እንደተጓደለ ነው። ሁለት ሰው የፈረመበት ውል ዋጋውም ይሻላል፤ በችግር ቀን ሁለት ራስ ከአንድ ራስ ይልቅ «ትንሽ እንጠብቅ» ማለት ይችላልና።

ስለ ሽማግሌ አንድ ነገር እንበል፤ ልንዘለው አይገባም። በጌዴኦ ሶንጎ በሚባለው የሽማግሌዎች ሸንጎ ላይ ተቀምጦ ጉዳይን መፍታት የቆየ ባህል ነው፤ ባሌ የሚባለው የጌዴኦ ባህላዊ ሥርዓት ያቆየው ነው። ብዙ ኮንትራት በሽማግሌ ፊት ይታሰራል፤ ሽማግሌ ያሰረውን ደግሞ ሰው ይፈራዋል። ይህን የሚያፈርስ ምክር አንሰጥም። ግን ሽማግሌ ያርፋል፤ ምስክርም ይሞታል፤ ልጆች ያድጋሉ። አባትየው «ለአምስት ዓመት ሰጠሁ» ያለውን ተቀባዩ ከዓመታት በኋላ «ለአሥር ነበር» ቢል ማን ይመሰክራል? ሽማግሌው በቃል ያሰረውን መዝገብ ቢይዘው ሽማግሌው ይከበራል እንጂ አይዋረድም።

የይዞታ ዋስትና ነገር ሲነሣ የ2010 ዓ.ም. ጊዜ አይረሳም። በጌዴኦና በምዕራብ ጉጂ መካከል በተነሣው ግጭት በሁለቱም ወገን ብዙ መቶ ሺህ ሰው ከቀዬው ተፈናቀለ። ከቀዬው የራቀ ሰው ቡናው ደርቆ ሲረግፍ ከሩቅ ከመስማት በቀር ምን ያደርጋል? ሄደው የማይለቅሙት ቡና ዋጋ የለውም፤ የቱንም ያህል ለም ቢሆን። ስለዚህ ሰላምና ጉርብትና በመሬት ዋጋ ውስጥ አሉበት፤ የሚቆጥራቸው ባይኖርም።

(አጭር ሙዚቃ)

አንድ ጥያቄ ይቀራል፤ ከባዱ እሱ ነው። «በነሐሴ የታመመ ልጅ ያለው ሰው ምን ያድርግ? ዋጋው ተለጥፎ ቢያየውስ ምን ይጠቅመዋል? ብሩን ዛሬ ነው የሚፈልገው።» እውነት ነው፤ ዋጋን ማወቅ ብቻውን ሆድ አይሞላም። ግን ሁለት ነገር ያደርግለታል። አንደኛው፣ ከ30 ሺህ ተነሥቶ የሚደራደር ሰውና ከ75 ሺህ ተነሥቶ የሚደራደር ሰው አንድ ቦታ አያርፉም። ሌላው፣ ጓሮውን ለአምስት ዓመት ከመስጠት ይልቅ ለሁለት ዓመት ብቻ መስጠት ሊበቃው እንደሚችል ያያል። ከዚህ በተጨማሪ በ2016 ዓ.ም. የወጣው አዲሱ የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 1324 በመሬት የመጠቀምን መብት ለብድር ዋስትና ማስያዝ የሚቻልበትን በር ከፍቷል። ይህ በጥንቃቄ የሚገባበት በር ነው፤ ብድር ያልከፈለ ሰው የመጠቀም መብቱ ሊያዝበት ይችላል። ቢሆንም አበዳሪ ድርጅት የወለዱን መጠን ጽፎ ይሰጣል። በኮንትራት ውስጥ የተደበቀውን ወለድ ግን ማን አስልቶት ያውቃል? በምሳሌያችን 30 ሺህ ተቀብሎ 75 ሺህ ያሳለፈው አባወራ የከፈለው ወለድ ምን ያህል እንደሆነ እስቲ እቤታችሁ አስሉት። ከአራጣ ይሻል ይሆን?

ስለዚህ ኮንትራት ለመያዝም ለመስጠትም ያሰባችሁ አድማጮች፣ ወረቀቱ ላይ እነዚህ መኖራቸውን ተመልከቱ። የቡናው እግር ብዛት፣ ጎልማሳውና አሮጌው ተለይቶ። የሚጀመርበትና የሚያልቅበት ቀን፤ በዓመት ብቻ ሳይሆን በወር። ቀኑ ቡና ተለቅሞ ሳያልቅ ቢያበቃ የዚያ ዓመት ፍሬ የማን እንደሆነ፤ ብዙ ጠብ የሚነሣው እዚህች ላይ ነውና። የትኛው ዛፍ እንደማይቆረጥ። በየዓመቱ ስንት እግር እንደሚጎነደልና የጠፋውን ፍሬ ማን እንደሚችል። ክፍያው በስንት ጊዜ፣ ጭማሪው በምን እንደሚሰላ። የባልም የሚስትም ፊርማ ወይም የጣት አሻራ። ከዚያም የቀበሌውና የወረዳው የመሬት አስተዳደር መዝገብ ቁጥር። ማንበብ የማይችል ሰው ልጁን ወይም የሚያምነውን ጎረቤት ይዞ ይሂድ፤ ሳይነበብለት አይፈርም።

ለወረዳና ለቀበሌ ባለሙያዎችም መልእክት አለን። መዝገቡ በእጃችሁ ነው። የሰው ስም ሳትጠቅሱ፣ በዚህ ዓመት በዚህ ቀበሌ አንድ እግር ቡና በአማካይ በስንት ተከራየ የሚለውን አስልታችሁ ከበሩ ላይ ብትለጥፉ ተጨማሪ በጀት አይጠይቅም። ወረቀቱ በሐምሌ መጨረሻ ይለጠፍ፤ ያ ከነሐሴ በፊት ነው። ኢዲዶ ከጀመረች ቡሌም በእንሰቱ ይከተላል።

እናንተስ ምን ትላላችሁ? በአካባቢያችሁ አንድ እግር ቡና ለአንድ ዓመት ስንት ይከራያል? የእንሰት ጓሮስ? በነሐሴና በታኅሣሥ ያለው ልዩነት ምን ያህል ነው? ስማችሁን መጻፍ አያስፈልግም፤ ቀበሌያችሁንና ዋጋውን ብቻ ጽፋችሁ ላኩልን። በሚቀጥለው ሳምንት የላካችሁትን ከደጋ እስከ ቆላ እያስተያየን እናነብባለን።

(የመዝጊያ ሙዚቃ)